የማይበሳ የኮርስ ብስክሌት ጎማ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ የኮርስ ብስክሌት ገዝቼ በሳምንት ሦስት ቀን ከቃሊቲ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ እለማመዳለሁ። ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። ጎማዎቹ 23 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጎሚስታ ቤት 120 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አስነፋቸዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ በሁለት ወር ውስጥ 7 ጊዜ ተበስቶብኛል፤ አምስቱ የኋላው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ቲፒአዩ (የጎማው ጨርቅ የክር ብዛት) ከፍ ያለ ጎማ ነው ጠንካራው ይላል። ሌላው ጥፋቱ የከፍታውና የሙቀቱ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ) አድርገውና ተገላገል ይለኛል። በቅርቡ ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ደህና ጎማ ላስመጣ ነው። የማይበሳው የቱ ነው? ስንት ኪሎ ሜትርስ ይሄድልኛል?»

ምላሽ፦ የማይበሳ የኮርስ ጎማ የለም። አየር የሌለው ድፍን ጎማ ይሸጣል፤ እሱ በእርግጥ አይበሳም። ግን ከባድ ነው፣ ይጎትታል፣ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ለቸርኬው፣ ለራጂውና ለወገብህ ያስተላልፋል። ለአንተ ልምምድ አይሆንም። ሊሆን የሚችለው የብሳቱን ቁጥር በጣም መቀነስ ነው። ለዚያ ደግሞ አዲስ ጎማ ብቻውን አይበቃም። አሁን ያለው ጎማ ለምን እንደሚበሳ ሳታውቅ ውድ ጎማ ብታስመጣ፣ ውዱም በዚያው መንገድ ይበሳብሃል።

በጥያቄህ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፤ ቀዳዳዎቹ የት የት ነበሩ? 7 ጊዜ ተበሳ ማለት የግድ 7 የተለያዩ ነገሮች ወጉት ማለት አይደለም። በተለይ አምስቱ የኋላው ከሆነ፣ አንድ ቀጭን ሽቦ ጎማው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቶ አዲስ የገባውን ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ አየሩን የሚይዘውን ቱቦ) ሁሉ እየወጋ ሊሆን ይችላል። ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ይለጥፋል፣ ጎማውን ከውስጥ ሳይዳብስ መልሶ ይገጥማል፤ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይተነፍሳል። ሰውየው አልሰነፈም። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የመኪና ጎማ ስለሆነ እንዲህ ያለ ፀጉር የሚያክል ሽቦ አያሳስበውም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጎማ ስትገጥም በጎኑ ላይ ያለውን የስም ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ አድርገው። ሲበሳ ከመነዳሪውን አውጥተህ ትነፋና ቀዳዳውን ታገኛለህ። ከዚያ ከመነዳሪውን ጎማው ላይ አስተኝተህ ከቫልቩ ጀምረህ ስትለካ፣ የጎማው የተወጋ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከመነዳሪው ሲወጣ ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል ከቫልቩ ግራም ቀኝም በዚያው ርቀት ላይ ፈትሽ። የጎማውን ውስጥ ስትዳብስ ባዶ ጣትህን አትጠቀም፤ ሽቦው ጣት ይቆርጣል። ትንሽ ጥጥ ወይም የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ አስነካው። ስለት ካለ ክሩን ይይዘዋል፤ በወረንጦ ነቅለህ ታወጣዋለህ።

ቀዳዳው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ከመነዳሪው ከመንገድ ወገን ባለው ጎኑ አንድ ቀዳዳ ካለው፣ የወጋው ከመንገድ የተለቀመ ነገር ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሞላላ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። ይሄን የሚያመጣው የአየር ማነስ ወይም የጎማ ቅጥነት ነው። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ከቸርኬው ወገን ከሆነ ደግሞ ጎማውን አትውቀስ። በቸርኬው ውስጥ የራጂዎቹን ቀዳዳ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል ወይም አርጅቷል። ያገለገለ ብስክሌት ስለሆነ ይሄን ጥብጣብ አሁኑኑ እይልኝ። በ120 ፒኤስአይ ግፊት ከመነዳሪው በራጂ ቀዳዳ ተገፍቶ ገብቶ እየተቆረጠ ቢሆን አይገርመኝም። በቫልቩ ሥር ያለ ቀዳዳ ከሆነ ሲነፋ ቫልቩ ተጣሞ ነበር ማለት ነው።

ሽቦው ከየት እንደሚመጣ ላስረዳህ። የከባድ መኪና ጎማ በውስጡ ቀጫጭን የብረት ክሮች አሉት። ጎማው ሲቦጫጨቅ እነዚያ ክሮች ጥቂት ሚሊ ሜትር እየሆኑ ይበታተናሉ፤ የመኪናዎቹ ንፋስ ደግሞ ወደ መንገዱ ዳር ይገፋቸዋል። በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ብዛት የታወቀ ነው፤ አንተ የምትነዳውም እዚያው ዳሩ ላይ ነው። የጠርሙስ ስባሪም የሚከማቸው እዚያው ነው። ከሞጆ ወደ ዝዋይ ከዘለቅህ ደግሞ የግራር እሾህ ይጨመርበታል። ከዳሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብለህ ብትነዳ የተሻለ ንጹሕ አስፋልት ታገኛለህ። ይህን የምልህ ግን መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ከኋላህ ሲኖትራክ እየመጣ ለጎማ ብለህ ወደ መሀል አትግባ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስባሪ ወይም ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምት አይበሳም። መጀመሪያ ላስቲኩ ላይ ይተከላል፤ ከዚያ ጎማው በዞረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይነዳል። ያንተ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር 477 ጊዜ ያህል ይዞራል። 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ከ28 ሺህ ጊዜ በላይ አስፋልቱ ያንኑ ስባሪ ይመታዋል ማለት ነው። ዛሬ ማታ ብትነቅለው ምንም አልሆነም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ግን ደርሶ ይበሳል። ስለዚህ ከልምምድ ስትመለስ ጎማውን በቀስታ እያዞርክ በብርሃን እየው። ስንጥቅ ባየህበት ቦታ በመርፌ ጫፍ ቆፍረህ የገባውን አውጣ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከማንኛውም ውድ ጎማ በላይ የሚጠቅምህ ይሄ ልማድ ነው።

አሁን ወደ አየሩ። 120 ፒኤስአይ በዝቷል። ብዙ ጊዜ በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ «ይህን ያህል ንፋ» ማለት አይደለም። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ስባሪ ሲያገኘው እሺ ብሎ አይጎብጥም፤ ስለቱ በቀጥታ ይገባል። በእኛ አስፋልት ላይ ደግሞ እየዘለለ ያደክምሃል እንጂ አያፈጥንህም። ከመጠን በታች ከሆነ ደግሞ ያ የመቆንጠጥ ብሳት ይመጣል። ለ78 ኪሎ ሰው በ23 ሚሊ ሜትር ጎማ ከኋላ 100፣ ከፊት 95 ይበቃል። በ25 ከሆነ ከኋላ 88፣ ከፊት 82 ገደማ። በ28 ከኋላ 75፣ ከፊት 70። እነዚህ መነሻ ናቸው፤ ከዚያ በጥቂት እየጨመርክ እየቀነስክ ለራስህ ታስተካክላለህ።

የጎሚስታ ኮምፕረሰር ላይ ተጠንቀቅ። ለከባድ መኪና የተሠራ ነው። የኮርስ ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በአንድ ሁለት ሰከንድ ከልክ ያልፋል፤ የግፊት መለኪያውም ለዚህ ዓይነት ጥቃቅን ልዩነት የታመነ አይደለም። ብስክሌትህ ቀጭኑን ቫልቭ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ትንሽ የናስ አስማሚ ያስፈልግሃል። ዘመድህ ከጎማው ጋር መለኪያ ያለው የቁም መንፊያ ቢያመጣልህ ትልቅ ውለታ ነው። የኮርስ ጎማ ምንም ሳይበሳ በራሱ አየር ያጣል፤ በሳምንት አንዴ ሳይሆን ከመውጣትህ በፊት ሁልጊዜ ለካው።

ከፍታ ጎማህን አያፈነዳም። አዲስ አበባ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 14.7 ነው። እዚህ የነፋኸውን ጎማ ይዘህ አዳማ ብትወርድ መለኪያው ላይ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንስብሃል። ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም። ጠዋት በ15 ዲግሪ 90 የነፋኸው ጎማ ፀሐይ ላይ 40 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 99 ይወጣል። ጤነኛ ጎማ ይህን ይችላል። አንተ ግን 120 ነፍተህ ስለምትወጣ በዚያው ሙቀት 131 ትደርሳለህ፤ ያረጀ ጎማና ያረጀ ቸርኬ ላይ ይሄ አደጋ ነው። በእርግጥ ሙቀት የሚያስፈራበት አንድ ቦታ አለ፤ ረጅም ቁልቁለት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል። ፍሬኑን ሳትለቅ ይዘህ አትውረድ፤ ያዝ ለቀቅ አድርግ፣ መሀል ላይ ቆመህም አስበርደው። ቸርኬህ ካርቦን ከሆነ በዚያ ቁልቁለት ላይ ባትሄድ እመርጣለሁ።

ቲፒአይን በተመለከተ ጓደኛህ ነገሩን ገልብጦታል። ቁጥሩ ጎማው የተሠራበት ጨርቅ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ክር እንዳለው ነው የሚናገረው። ክሩ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ክር ይቀጥናል። ጎማው ልስልስ ይሆናል፣ ቀለል ብሎ ይንከባለላል፣ ግን ጎኑ በቀላሉ ይቀደዳል። በዚያ ላይ አንዳንድ አምራች የሦስት ንብርብር ክር ደምሮ 330 ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ ንብርብር 110 ነው። ለአንተ መንገድ 60 ወይም 110 ምንም አያሳፍርም። የሚታጠፍ ጎማም እንዲሁ ነው። ጠርዙ በብረት ሽቦ ፋንታ ኬቭላር በሚባል ጠንካራ ክር ስለተሠራ ይታጠፋል፣ ይቀላል፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት ግን የመበሳት መከላከያው አይጨምርም።

መከላከያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው የጥርሱ፣ ማለትም አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ውፍረት ነው። ሁለተኛው በላስቲኩና በጨርቁ መካከል የሚገባው ብሬከር የሚባለው ቀበቶ ነው፤ ከናይለን ወይም አራሚድና ቬክትራን ከሚባሉ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክሮች ይሠራል። ሦስተኛው የጎኑ ሽፋን ነው፤ የአስፋልት ስንጥቅና የጠጠር ጠርዝ ጎኑን እንዳይቀደው ያግዛል። ቀበቶው ስባሪንና አጭር ሽቦን ይመልሳል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሚስማርን ወይም ረጅም የግራር እሾህን አይመልስም፤ ይመልሳል ያለህን ሻጭ አትመን። እንደ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ያሉት 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን የላስቲክ ንጣፍ አላቸው። ለመበሳት በጣም አስቸጋሪ ናቸው። ክብደታቸው ግን የእሽቅድምድም ጎማን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ ዳገት ላይ በእግርህ ታውቀዋለህ። ለሥራ መመላለሻ እመርጣቸዋለሁ፣ ለልምምድ ግን አይሆኑህም።

በሌላው ጫፍ ያሉት እንደ ኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ 5000 ያሉት ናቸው። ፈጣን ናቸው፣ መንገድ ይይዛሉ፣ ደስ ይላሉ። ለውድድር ቀን አስቀምጣቸው። ወጣቶች ተወዳዳሪ ሲጠቀምበት አይተው ለልምምድ ይገዙትና ያዝናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ታላቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እዚያ ደረጃ ላይ ጎማ ሲበሳ የቡድኑ መኪና ከነቸርኬው ሌላ ይዞ ከተፍ ይላል። አንተ ዱከም ላይ ስትበሳ ማንም አይከተልህም። ምርጫህ ከዚህ መነሳት አለበት።

ከጎማው ስም ይልቅ ግን ስፋቱ ይቀድማል። ሰፋ ያለ ጎማ በትንሽ ግፊት ይሄዳል፣ ስባሪ ላይ ይጎብጣል፣ ጉድጓድ ላይ ቸርኬውን ይጠብቃል። «ቀጭን ፈጣን ነው» የሚለው አሮጌ እምነት ሸካራ አስፋልት ላይ አይሠራም። ችግሩ የ23 ዘመን ብስክሌት ብዙ ጊዜ 28 አያስገባም። ስለዚህ ለዘመድህ ከመደወልህ በፊት ለካ። የተነፋው ጎማ ከፍሬኑ፣ ከሹካው እቅፍና ከኋላ ቧንቧዎቹ ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ባለ 4 ቁጥሯን አለን ቁልፍ እንደ መለኪያ ተጠቀም። አሁን ባለው 23 ጎማ ላይ ስትለካ ከዚያ 4 ሚሊ ሜትር ሌላ በእያንዳንዱ ጎን 2.5፣ ከላይ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ካላገኘህ በ25 ተወሰን። ሌላው መጠኑ ነው። ጎኑ ላይ 622 የሚል ቁጥር መኖሩን አረጋግጥ፤ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ስፋት (ዲያሜትር) በሚሊ ሜትር ነው። ከአውሮፓ የሚመጡ አሮጌ ብስክሌቶች አንዳንዶቹ 27 ኢንች ናቸው፤ ቁጥራቸው 630 ነው፣ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ጎማቸው ግን አይለዋወጥም።

መርካቶ የምትገዛ ከሆነ ዕድሜውን እይ። ላስቲክ ሳይነዱትም ያረጃል። መስታወት ጀርባ ፀሐይ እየመታው የከረመ ጎማ ጎኑን ስታጥፈው ጥቃቅን ስንጥቅ ያሳያል። ስንጥቅ ካየህ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አትግዛ።

ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ላልከው፣ በአንተ ክብደትና በእኛ መንገድ የእሽቅድምድም ጎማ ከኋላ 3,000 እስከ 4,000፣ የልምምድ ጎማ 5,000 እስከ 7,000 ኪሎ ሜትር ብለህ በግምት ያዝ። የፊቱ ከዚያ በላይ ይቆያል። የኋላው አብዛኛውን ክብደትህን ይሸከማል፣ ፔዳል ስትመታም የሚገፋው እሱ ነው። የፊቱ ጎማ ከመሬት የሚያነሳውን ሽቦና ስባሪም የሚቀበለው እሱ ነው፤ አምስቱ ብሳት ከኋላ መሆኑ ለዚህ ነው። ኪሎ ሜትሩን ከመቁጠር ይልቅ ጎማውን እይ። መሀሉ ጠፍጥፎ ሜዳ ከሆነ፣ ክሩ ብቅ ካለ፣ ወይም በየሳምንቱ መበሳት ከጀመረ አልቋል። ኮንቲኔንታል ጥርሱ ላይ ሁለት ጥቃቅን ጉድጓዶች ያደርጋል፤ እነሱ ሲጠፉ ጣለው። የኋላው ሲያልቅ የፊቱን ወደ ኋላ አምጣና አዲሱን ከፊት ግጠም። ያለቀውን የኋላ ጎማ በፍጹም ወደ ፊት አትውሰድ። የፊት ጎማ ሲከዳህ በፊትህ ነው የምትወድቀው።

ይህ ወደ ክረምቱ ያመጣኛል። ውሃ ላስቲክን ያሟልጫል፤ ስለዚህ እርጥብ ጎማን ስባሪ በቀላሉ ይቆርጠዋል። ጎርፉም ያንን ሁሉ ቆሻሻ ወደ መንገድ ያወጣዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ብሳት ከበዛብህ አትደነቅ። ጥርስ ያለው ጎማ ይሻላል ብለህ ግን አታስብ። የኮርስ ጎማ ጠባብ ስለሆነና ፍጥነቱም ትንሽ ስለሆነ እንደ መኪና ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ የሚይዘው የላስቲኩ ልስላሴ ነው። እዚህ ላይ ነው የጠንካራ ጎማ ዋጋ የሚታየው። ላስቲኩ ደረቅ ሲሆን ይቆያል፣ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ኩርባ ስትዞር ይንሸራተታል። ኮንቲኔንታል ጌተርስኪን የዚህ ምሳሌ ነው፤ ጎኑ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ይሄዳል፣ ዝናብ ላይ ግን እምነት አይጣልበትም።

ቱብለስን ለአንተ አልመክርም። ነገሩ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ትንንሽ ቀዳዳን ሳታውቀው ይደፍንልሃል። ነገር ግን ለዚያ የተሠራ ቸርኬና ጎማ ይፈልጋል፤ ያንተ አሮጌ ቸርኬ ላይ ማስገደድ ጎማው እየነዳህ እንዲወልቅ መጋበዝ ነው። በጠባብ ጎማና በከፍተኛ ግፊት ፈሳሹ ከመድፈኑ በፊት ይረጫል። ፈሳሹ በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ በሙቀት ደግሞ ቶሎ። እየፈለግህ መሙላት አለብህ፤ እዚህ አገር ደግሞ ስታጣው ብስክሌቱ ቆመ ማለት ነው። በጎማና በከመነዳሪ መካከል የሚገባውን የፕላስቲክ ጥብጣብም ተወው። ጫፉ ከመነዳሪውን እየፈተገ ራሱ ይበሳዋል።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ለዘመድህ ሁለት ኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ 4 ሲዝን እዘዝ፤ ክፍተቱ ከፈቀደ 28፣ ካልሆነ 25። ሁለት የቬክትራን ቀበቶ አለው፣ ጎኑም ተሸፍኗል፣ ዝናብም ላይ ይይዛል፣ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዋጋው ከከበደህ 4 ሲዝኑን ከፊት፣ ጌተርስኪን ከኋላ አድርግ። በተቃራኒው አይደረግም። ከእነሱ ጋር ስፋታቸውን የሚመጥን አራት ተራ የቡቲል (ጥቁሩ የተለመደ ላስቲክ) ከመነዳሪ፣ ሁለት የቸርኬ ጥብጣብና የልጣፍ ዕቃ አስመጣ።

ጎማው እስኪመጣ ድረስ ጥብጣቡን ቀይር፣ አየሩን ወደ 100 አውርድ፣ የኋላውን ጎማ ውስጡን በጥጥ ዳብስ። የተበሱትን ከመነዳሪዎችም አትጣላቸው። ቀዳዳውን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀባና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ብዙ ሰው እርጥቡ ላይ ይለጥፍና «ማስቲሹ መጥፎ ነው» ይላል፤ ነክተኸው ጣትህን የማያረጥብ ሲሆን ነው ልጣፉ የሚጫነው። ጎማው ራሱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከተቀደደ ከመነዳሪው በቀዳዳው እንዳይወጣ ከውስጥ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቁራጭ አድርግና ቤትህ ድረስ ቀስ ብለህ ሂድ፤ ያ ጎማ ግን ለሌላ ቀን አይሆንም።